ከገደሉ ማዶ ስንት ሜትር ነው?

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ሐይቅን ካለፈ በኋላ፣ አውቶቡሱ ከአንዱ ጠመዝማዛ ወደ ሌላው በዞረ ቁጥር የአምባሰል ተራሮች አንዴ ከፊቱ አንዴ ከጎኑ ብቅ ይሉበታል። ስማቸውንስ ከማየቱ በፊት በጆሮው ያውቀዋል፤ ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ አምባሰል ተብሎ የሚጠራ ነውና። ውጫሌም በዚሁ መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ተማሪ ሁሉ ስሟን በታሪክ ደብተሩ ጽፎታል፤ ወርዶ ያያት ግን ጥቂት ነው።

እኔ በ2015 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ወደዚያ የሄድሁት ታሪክ ለመማር አልነበረም። የወሰደኝ የውጫሌ ተወላጅ የሆነ ጓደኛዬ ነው። ተወላጅነቱ የውጫሌ ይሁን እንጂ እንጀራው በአርሲ ደጋ ነው፤ በሕግ ፈቃድ አውጥተው ለሚያድኑ እንግዶች ዱካ እየተከተለና ርቀት እየለካ ያገለግላል። በዚያ ወቅት ሁለት ትንንሽ የሌዘር ርቀት መለኪያዎች በእጁ ሰጥተው፣ «አንዱን ምረጥ፤ ሌላው ይመለሳል» ብለውት ነበር። እርሱም ለገና ወደ ወላጆቹ ቤት ሲሄድ ሁለቱንም በከረጢቱ ይዞ ተነሣ።

«የእኛ አገር ገደል ያላታለለው መሣሪያ፣ የአርሲ ጫካ አያታልለውም» አለኝ።

ነገሩ ለእርሱ የጨዋታ ጉዳይ አለመሆኑን የነገረኝ በመንገድ ላይ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት በእጁ የነበረው መለኪያ 400 የሚል ቁጥር አሳየው፤ እርሱም ለእንግዳው «400» ብሎ ነገረው። እንግዳው በሜትር የሚያስብ ሰው ነበር፤ መሣሪያው ግን የሚናገረው በያርድ ነበር። አንድ ያርድ 91 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ስለ ሆነ፣ አጋዘኑ የቆመው በ400 ሜትር ሳይሆን በ366 ሜትር ላይ ነበር ማለት ነው። በዚህ ልዩነት ጥይቱ እንደ ጠመንጃው ዓይነት ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከታሰበው ቦታ ከፍ ይላል። ይህ በወረቀት ላይ ምንም አይደለም፤ በእንስሳ ገላ ላይ ግን ከሳንባ ወደ ጀርባ ሥጋ መሻገር ነው። አጋዘኑ ቆስሎ ጫካ ገባ። ደሙን ይዘው እስኪመሽ ተከተሉት፤ በማግሥቱም ፈለጉት፤ አላገኙትም።

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የሌለ እንስሳ ነው። የሚኖረው ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ባሉት በአርሲና በባሌ ተራሮች ሲሆን፣ የዓለም የእንስሳት ሊቃውንት ያወቁት በጣም ዘግይተው በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት ጋር ተመዝግቧል። በቁጥር የተወሰነ ፈቃድ ወጥቶለት የሚታደን ወንድ አጋዘን ቆስሎ ሲጠፋ፣ ገንዘቡ ቢከፈል እንኳ ሥቃዩ አይከፈልም። ጓደኛዬም ከዚያ ቀን ወዲህ «400» የሚለው ቁጥር በሕልሙ ይመጣበት እንደ ነበረ አልደበቀኝም።

ውጫሌ እንደ ደረስን ከሁሉ አስቀድመን ያደረግነው ፈቃድ መጠየቅ ነው። ጠመንጃ አልያዝንም፤ በዚህም ስፍራ አደን አላሰብንም። በዚያን ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ነበር፤ የአምባሰልም ገደል የጭላዳና የሽኮኮ መኖሪያ እንጂ የአዳኝ ሜዳ አይደለም። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ መንገድ አልፏል። ያንን ያየ ሰው ከኮረብታ ላይ ሆኖ በመነጽር ወደ መንደር የሚያነጣጥር እንግዳ ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ የጓደኛዬ አባት ወደ ቀበሌው አስተዳዳሪና ወደ መንደሩ ሽማግሎች ይዘውን ሄዱ፤ መሣሪያውንም ተራ በተራ በዓይናቸው ላይ አድርገው አዩበት። አንዱ ሽማግሌ የጎረቤታቸውን ጊደር ከሩቅ ባዩ ጊዜ «አብሽሩ፤ ይህስ የጠፋ ከብት መፈለጊያ ነው» ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

አሁን ስለ መሣሪያው ጥቂት ልናገር። ርቀትን በመነጽር መለካት አዲስ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ባርና ስትራውድ የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ አገር መምህራን፣ በአንድ ረጅም ቧንቧ ሁለት ጫፍ ከተተከሉ መስተዋቶች የሚመጡትን ሁለት ምስሎች በማገጣጠም ርቀትን የሚያሰላ መሣሪያ ሠርተው ነበር፤ የአገራቸውም የባሕር ኃይል ገዝቷቸዋል። ያ መሣሪያ ለመርከብ እንጂ ለኪስ የሚሆን አልነበረም። ሌዘር የሚባለው ብርሃን በ1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቴዎዶር ሜይማን እጅ ከተሠራ በኋላ ግን መንገዱ ሌላ ሆነ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ቁልፉን ስትጫኑ መሣሪያው ዓይን የማያየው አጭር የብርሃን ምት ይልካል፤ ምቱ ከዕቃው ላይ ነጥሮ ሲመለስ የሄደበትንና የተመለሰበትን ጊዜ ይቆጥራል። ብርሃን በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ 400 ሜትር ሄዶ ለመመለስ አንድ ሴኮንድ ለሚሊዮን ቢከፈል ከሦስቱ ክፍል ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ይህን የሚያህል ጥቃቅን ጊዜ የሚቆጥር ዕቃ ዛሬ 200 ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል። ምቱ ግን እንደ መርፌ ቀጭን ሆኖ አይሄድም። ብዙዎቹ ትንንሽ መሣሪያዎች የሚልኩት ብርሃን በ400 ሜትር ላይ አንድ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ስለዚህ አጠገብ ያለ ቁጥቋጦም የራሱን መልስ ሊሰጥ ይችላል።

የመጀመሪያው ፈተናችን በሜትር ገመድ ነበር። ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ 200 ሜትር ለክተን ነጭ ድንጋይ አቆምን። ሁለቱም መሣሪያዎች ከአንድ ሜትር ያልበለጠ ስሕተት አሳዩ። «እንግዲህ የቀረው ዋጋው ነው፤ ርካሹን ውሰድ» አልሁት። ጓደኛዬ ግን ሳቅ ብሎ «ሜዳ ላይ ማን ይሳሳታል?» አለኝ።

ከገደሉ አፋፍ ስንደርስ ነገሩ ተለወጠ። ከማዶ የቆርቆሮ ቤት ነበረ፤ ትንሹ መሣሪያ 874 ብሎ ለካው። ካርቶኑ ላይ «1000» ተብሎ የተጻፈው እውነት መሰለኝ። ከቤቱ ጎን የቆመውን ቀይ በሬ ሲያነጣጥርበት ግን መሣሪያው ሰረዝ ብቻ አሳየ። ቆርቆሮ ብርሃንን እንደ መስተዋት ይመልሳል፤ የእንስሳ ጠጉር ግን ይውጠዋል። ይኸው መሣሪያ ከብት የለካው ከ400 ሜትር ወዲህ ሲሆን ብቻ ነው። «1600» የተጻፈበት ትልቁ መሣሪያ ደግሞ በሬን እስከ 700 ሜትር ድረስ ያዘው። እንግዲህ ይህን ዕቃ የሚገዛ ሰው በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ትቶ፣ ስለ እንስሳ በትንሹ የተጻፈውን ይፈልግ። ያ ካልተጻፈ ከግማሽ በታች ነው ብሎ ቢገምት አይጎዳም።

ሁለተኛው ያስቸገረን ማሽላው ነበር። ያልታጨደ ማሽላ ከፊታችን ቆሞ ሳለ ማዶውን ስንለካ፣ ትንሹ መሣሪያ 38 አለ፤ የለካው አገዳውን ነበር። ትልቁ ግን በመጀመሪያ ያገኘውን ትቶ በመጨረሻ ያገኘውን እንዲያሳይ የሚታዘዝበት ቁልፍ አለው። በጫካ ለሚሠራ ሰው ይህ ቁልፍ ከጌጥ የሚቆጠር አይደለም። ከዚያ ወዲያ አውድማ ላይ ጤፍ ያነፍሱ ስለ ነበር፣ ገለባው በነፋስ ሲነሣ ሁለቱም መሣሪያዎች አቧራውን ለኩት። ጉምና ዝናብም እንዲሁ ያደርጋሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ጊዜ ለክቶ ማመን አይገባም፤ ሦስት ጊዜ ለክቶ ቁጥሮቹ ካልተስማሙ መተው ነው።

ሦስተኛው ፈተና ዳገቱ ነበር። ከላያችን ካለው ገደል ጫፍ ላይ አንዲት ጥቁር ድንጋይ መረጥን። ትልቁ መሣሪያ 412 ሜትር አለና፣ ከሥሩ ደግሞ 25 ዲግሪ፣ ከዚያም 373 ብሎ ጻፈ። ይህ ሁለተኛው ቁጥር በአግድም የተለካው ርቀት ነው። የመሬት ስበት ጥይትን ወደ ታች የሚያወርደው በአግድም በተጓዘው መጠን ስለ ሆነ፣ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች የሚተኩስ ሰው የሚያስፈልገው 412ቱ ሳይሆን 373ቱ ነው። ሦስት ማዕዘን የተማረ ተማሪ ሒሳቡን ያውቀዋል፤ ነገር ግን በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ እየተነፈሰ፣ እንስሳው ሊሄድ ሲል፣ ኮሳይን የሚያሰላ ማን ነው? ትንሹ መሣሪያ ይህን አያውቅም። ለሜዳ አገር በቂ ነው፤ ለአምባሰልና ለአርሲ ግን አይበቃም።

ከሰዓት በኋላ የጓደኛዬ አባት መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ። ከማዶ የምትታየውን አንዲት የዋርካ ዛፍ ጠቁሜ፣

«አባባ፣ እዚያ ድረስ ስንት ይሆናል?» አልኋቸው።

«ቅርብ ነው፤ እዚህ ሆኜ ብጣራ ከዛፏ ሥር ያለ ሰው ‹አቤት› ይለኛል።»

መሣሪያው 612 ሜትር አለ። ቁጥሩን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ልጄ፣ ይህ የወፍ መንገድ ነው። በል አንተ ደርሰህ ና» አሉኝ። እኔም በጓደኛዬ መሪነት ወረድሁ። ወደ ወንዙ መውረዱ፣ ድንጋዩን መሻገሩ፣ በወዲያ በኩል በእጅም በእግርም መውጣቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀብን። ስንመለስ ጀንበር ጠልቃ ነበር።

ለካ ሽማግሌው ያስተማሩን ነገር በመሣሪያው ላይ ያልተጻፈውን ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከገደል ማዶ የቆመን እንስሳ የሚተኩስ ሰው፣ ጥይቱ ከአንድ ሴኮንድ በኋላ ሲደርስ እርሱ ግን የሚደርሰው በጨለማ ነው። ቢያቆስለው ምን ያደርጋል? ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ያን ጊዜም በመካከላችን ወንዝ ነበረ» አለኝ።

ማታ እራት ከበላን በኋላ መሣሪያዎቹን በኩራዝ ብርሃን ስንጠራርግ አንድ ነገር ተገለጠልን። ትንሹ መሣሪያ ባለፈው ዓመት በእጁ ከነበረው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ቀን ሲለካ የዋለው በሜትር ነበር፤ ጓደኛዬ ራሱ አስተካክሎታል። ባትሪውን አውጥተን አዲስ ባትሪ አገባንና የክፍሉን ግድግዳ ለካን። ከቁጥሩ ጎን ያለችው ትንሽ ፊደል ተለውጣ ነበር፤ መሣሪያው ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ያርድ ተመልሷል። ጓደኛዬ ባትሪውን እያወጣና እያገባ ሦስት ጊዜ ሞከረው፤ ሦስት ጊዜም ወደ ያርድ ተመለሰ። ትልቁን ሞከርን፤ በሜትር ጸና። ባለፈው ዓመት በዚያ ቀን ጧት ባትሪ መለወጡን ያስታወሰው ያን ጊዜ ነው። ነገሩ ቀለል ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሱ ግን፣ «ፊደሏ እዚያው ነበረች፤ ማንበብ የእኔ ሥራ ነበር» አለ።

በማግሥቱ የውጫሌ ውል ወደ ተፈረመበት ይስማ ንጉሥ ወደሚባለው ስፍራ ወጣን። ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ከወደቁ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ 20 አንቀጽ ያለበትን ውል የተፈራረሙት በዚህ ነው። ሁላችንም የምናውቀው 17ኛውን አንቀጽ ነው። በአማርኛው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል»፤ ኢጣልያ የያዘችው ጽሑፍ ግን በእርሷ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል የሚል ነበርና፣ ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለኤውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ከዚያ ያነሰ የሚነገርለት ግን 19ኛው አንቀጽ ነው፤ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም የተስማሙ ስለ ሆኑ ሁለቱም እኩል የታመኑ ናቸው ይላል።

3ኛው አንቀጽ ደግሞ ስለ ድንበር ነው። በሰሜን በኩል መንደሮችን እየጠራ ከሄደ በኋላ፣ ከአዲ ዮሐንስ ጀምሮ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ቀጥተኛ መስመር ወሰን ይሆናል ብሎ ይደመድማል። ከይስማ ንጉሥ ላይ ሆኜ ተራራውንና ሸለቆውን ስመለከት የሽማግሌው ቃል ትዝ አለኝ። ያም መስመር የወፍ መንገድ ነበረ።

አጋዘንን ከአገር ነጻነት ጋር ማመዛዘን ድፍረት እንዳይባልብኝ እፈራለሁ። ሆኖም የስሕተቱ መንገድ አንድ ነው፤ አንድ ጽሑፍ፣ ሁለት አንባቢ፣ በመካከሉም «ተግባብተናል» የሚል እምነት። ዐፄ ምኒልክ ልዩነቱን ባወቁ ጊዜ ተከራከሩ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተለየለት። በዚያው ዓመተ ምሕረት ማግሥት፣ በ1889 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል የውጫሌን ውል ሻረው። አንድ ቃል ለማቅናት የስንት ሰው ሕይወት እንዳለፈ መቼም አንባቢ ያውቃል።

ጓደኛዬ ትልቁን መረጠ። በሬን ከሩቅ ስለ ያዘ፣ የዳገቱን ሒሳብ ስለሚያውቅ፣ በመሸም ጊዜ ቁጥሩን በቀይ ብርሃን ስለሚያሳይ ነው፤ ጥቁር ፊደል በጥቁር ጫካ ላይ አይነበብምና። ጉድለትም አለበት፤ ይከብዳል፤ ባትሪውም ሲ.አር. 2 የሚባለው፣ በወረዳ ከተማ ሱቅ በቀላሉ የማይገኝ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ሁለት ትርፍ ባትሪ በደረት ኪሱ ይይዛል። ደግሞም መሣሪያው ነፋስን አይለካም፤ 700 ብሎ ማሳየቱም 700 ሜትር ላይ ተኩስ ማለት አይደለም። ጓደኛዬ ለራሱ የወሰነው ወሰን 300 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን እንግዳውን «እንቅረብ» ይለዋል። እንግዳው እንቢ ካለም ቁጥሩን አይነግረውም።

ይህን የሚያነብ ተማሪ ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ «እኔ አዳኝ አይደለሁም» ይል ይሆናል። ይሁን እንጂ ይኸው ዕቃ የዱር እንስሳትን ለሚቆጥርም ሰው ያገለግላል፤ ቆጣሪው በአንድ መስመር እየሄደ ያየው እንስሳ ሁሉ ከመስመሩ ምን ያህል እንደሚርቅ ይመዘግብና ከዚያ የአካባቢውን ብዛት ያሰላል። የዛፍ ቁመት ለሚለካ የደን ሠራተኛም እንዲሁ ነው። ማንም ይያዘው ማን፣ ከቁጥሩ አስቀድሞ ከጎኑ ያለችውን ፊደል ያንብብ፤ ቁጥሩንም ለሌላ ሰው ሲነግር ከነስሙ ይንገር።

ከውጫሌ የተነሣነው በማለዳ ነው። የጓደኛዬ አባት እስከ መኪናው ሸኙን። መሣሪያውን ለመጨረሻ ጊዜ ተቀብለው ሲያገላብጡት ከጀርባው ላይ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት አዩና «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉት። ልጃቸው በትልቁ በአማርኛ የጻፈባት አንዲት ቃል ነበረች፤ «ሜትር» ትላለች።

«እንዳልረሳው ነው አባዬ» አላቸው።

«ይበጅ» ብለው መለሱለትና ግንባሩን ስመው ሸኙት።